ርገጪ፣ ያዢ፣ ልቀቂ

አባቴ መኪናዋን የገዙት ከአንድ የቆዳ ነጋዴ ነው። እሳቸውም ያንኑ ንግድ ይዘው፣ ጨው የተነሰነሰበት ጥሬ ቆዳ ከገበያ ገበያ ሲያመላልሱባት ኖሩ። ከላይ ስትታይ ደህና ነበረች፤ በየዓመቱ ለመስቀል ቀለም ትቀባለች። ከሥሯ ግን ማንም ጎንበስ ብሎ አይቷት አያውቅም።

በስድሳዎቹ መጀመሪያ፣ ፍኖተ ሰላም አስረኛ ክፍል ሳለሁ፣ ለቡሬ ሰው ታጨሁ። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ አባቴ፣ "የእኔ ልጅ በበቅሎ አትሄድም፤ በራሴ መኪና ነው የምሸኛት" ብለው በሰው ፊት ተናገሩ። የሙሽራው ወገኖች ደግሞ ሠርጉ ከዐቢይ ጾም በፊት ካልሆነ እንደማይጠብቁ፣ ሌላም ደጅ እንዳለ፣ በጨዋ ቋንቋ አስታወቁ። በጾም ሠርግ የለም። እኔ አስረኛን ጨርሼ መምህራን ማሰልጠኛ የመግባት ሐሳብ ነበረኝ። ማንም አልጠየቀኝም እንጂ።

ሠርጉ ሲቃረብ መኪናዋ ቤንዚን ቤንዚን መሽተት ጀመረች። አንድ ቀንም አባቴ ከደምበጫ ሲመለሱ የፍሬኑ ፔዳል እስከ ወለሉ ሰመጠባቸው። መካኒክ ከቡሬ ተጠርቶ መጣ። መኪናዋን በክሪክ አንሥቶ ከሥር ገባና መዳፉ ላይ ቡናማ ፍርፋሪ ይዞ ወጣ።

"ምንድን ነው እሱ?" አሉ አባቴ።

"የፍሬን ዘይት የሚሄድበት ቱቦ ነበር፣ ጋሼ። ስነካው ፈረሰ። የቤንዚኑም ያው ነው። ጨው በልቶታል።"

"እስከ ቡሬ አታደርስም?"

"ማድረሱንስ ታደርሳለች። መቆሙን ነው እንጃ። ሙሽሪትን ይዛ ዳንግላ እንዳትገባ ነው።"

አባቴ ሳቁ። እኔም ከበሩ ኋላ ሆኜ ሳቅሁ፤ የሳቅንበት ምክንያት ግን ለየብቻ ነበር። መካኒኩ ቱቦው ከአዲስ አበባ ካልሆነ እንደማይገኝ ተናግሯል። ያ ማለት ሰው መላክ፣ መፈለግ፣ አውቶቡስ መጠበቅ ነው። አባቴም በሰው ፊት የተናገሩትን አጥፈው በሌላ መኪና አይሸኙኝም። ጾሙ ከቀደመ እማራለሁ፤ ቱቦው ከቀደመ እዳራለሁ።

ከዚያ ወዲያ ከትምህርት ቤት ስመለስ መንገዴ በአውቶቡስ ማቆሚያው በኩል ሆነ። ከጣሪያው ላይ የሚወርደውን ዕቃ ሁሉ አያለሁ። ምንም ሳላይ ስቀር ቤት የምገባው ቀለል ብሎኝ ነው። እናቴ አንድ ቀን ታዘበችኝ።

"የሙሽራ ወጉ ማዘን ነው። አንቺ ምነው ፊትሽ በራ?"

"ምንም" አልኳት።

ቱቦው እንደ ገመድ ተጠቅልሎ፣ ቅበላ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው መጣ። ከዚያ በኋላ እናቴ ስለ ፊቴ አልተናገረችም።

መካኒኩ አሮጌውን እያወጣ፣ በእሱ ልክ አዲሱን ጉልበቱ ላይ እያጎበጠ ሠራ። አባቴ ጋቢያቸውን አውልቀው መሬት ላይ ተንበረከኩ። "ይኼ አይላላም? ይኼስ ከብረቱ ጋር እየተፋተገ አይበሳም?" እያሉ እያንዳንዱን ማሰሪያ ጠየቁ። ስለሚያገባኝ ሰው የጠየቁት ዘሩን ብቻ ነበር።

"አሁን ከቱቦው ውስጥ አየሩ መውጣት አለበት" አለ መካኒኩ። "አየር ካለ ፔዳሉ ይሰምጣል እንጂ መኪናው አይቆምም። እርስዎ ዘይቱን ይጨምሩልኝ፤ አንድ ሰው ደግሞ ይርገጥልኝ።"

አባቴ ዞር ብለው አዩኝ።

"ነይ አንቺ። ተምረሻል፤ ትእዛዝ አይከብድሽም።"

ገብቼ ተቀመጥሁ። መካኒኩ ከኋላው ጎማ ሥር ሆኖ ይጣራል። "ርገጪ።" እረግጣለሁ። "ያዢ።" እይዛለሁ። ከሥር ዘይቱ ከአየሩ ጋር ተፍ ተፍ ሲል ይሰማኛል። "ልቀቂ።"

"ያዢ ስልሽ ቀድመሽ እንዳትለቂ፣ እህቴ። አየሩ ተመልሶ ይገባል።"

አልለቀቅሁም። እናቴና እህቶቼ በዚያች መኪና እንደሚሄዱ አውቃለሁ። መጀመሪያ እግሬ ሥር እንደ ጭቃ የነበረው ፔዳል፣ ከጎማ ወደ ጎማ በዞርን ቁጥር እየጠነከረ ሄዶ በመጨረሻ ድንጋይ ሆነ።

መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ። "ጋሼ፣ ልጅዎ ጥሩ እግር አላት። ለሙሽራው ከሚሰጧት ለእኔ ይተዉልኝ።"

"ቀድመውሃል" አሉ አባቴ። ሁለቱም ሳቁ።

በሠርጉ ቀን ማንኩሳን እንዳለፍን ከብቶች መንገዱ ላይ ወጡ። አባቴ ረገጡ፤ መኪናዋ ቀጥ ብላ ቆመች። ከኋላ እልልታ ሆነ። እናቴ፣ "ያን መካኒክ እጁን ይባርከው" አለች። እኔ ተሸፍኜ ስለነበር ከብቶቹን አላየሁም፤ ኮቴያቸውን ብቻ ሰማሁ። ሲያልፉ ጉዟችንን ቀጠልን።

ስለ ትዳሬ የምጽፈው የለኝም። የክፍል ጓደኞቼ በሰኔ ፈተናቸውን ተፈተኑ። ከእነሱ አንዷ ኋላ ቡሬ ተመድባ መጣችና የልጄ አስተማሪ ሆነች። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም እንባባል ነበር።

አባቴ እርጅና ከተጫናቸው በኋላ ሊጠይቁኝ መጥተው መኪናዋን ደጄ ላይ አቆሙ። ወርደው ኮፈኗን መታ መታ አደረጉ።

"ያ ፍሬን አንድ ቀን ከድቶኝ አያውቅም" አሉኝ። "አንቺ እኮ ነሽ የረገጥሽው።"

ሊያመሰግኑኝ ፈልገው ነው።

"አዎ፣ አባባ" አልኳቸው። "አየር የሚባል አላስቀረሁም።"