ቡኒን ማን ያበላታል

ጋሼ ካሳይን ያወቅኋቸው በአጥንት ሰበብ ነው። ሚሌኒየሙን ካከበርን ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ስታዲየም፣ የካዛንቺስ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜያለሁ። ከፊቴ ኮታቸው የተተኮሰ፣ ባርኔጣቸውን ዘንበል ያደረጉ ሽማግሌ አሉ። የያዙት ጥቁር ፌስታል ሽታ ሁለት የመንገድ ውሾችን ጎትቶ አምጥቶ ከሰልፉ ውስጥ አስገብቷቸዋል።

«አባባ፣ እነዚህም ካዛንቺስ ናቸው?» አለ ከኋላዬ የቆመ ጎረምሳ።

ዞር ብለው ውሾቹን አዩአቸው። «ካዛንቺስ ቢሆኑማ አውቃቸው ነበር። የቦሌ ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ሰልፍ አያከብሩም» አሉት።

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። እኔ ደግሞ ወሬ ተጀምሮ ዝም ማለት አልሆንልህ ይለኛል። «ከቄራ ነው የሚመጡት?» አልኳቸው ፌስታሉን በአገጬ እያመለከትኩ።

«ከቄራ ነው ልጄ። አጥንት ነው፤ ለውሻዬ ለቡኒ።» ትንሽ አሰብ አደረጉና፣ «አሁንማ ውሻዬ ማለትም አይቻልም፤ ግማሿን አውርሻለሁ» አሉ።

እንዲህ ተብሎ ማን ዝም ይላል? ታክሲው ሲመጣ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ረዳቱ «አባባ፣ ሥጋውን ከእግርዎ ሥር ያድርጉት» ሲላቸው፣ «ሥጋ ቢሆንማ አንተንም እጋብዝህ ነበር» ብለው ፌስታሉን ዝቅ አደረጉት። መንገዱ ተዘጋግቶ ስለነበር ለወሬ ተመቸን።

ጋሼ ካሳይ በወጣትነታቸው ከአዲግራት መጥተው ዕድሜያቸውን የስልክ መስመር ሲጠግኑ ኖረዋል። ልጅ አልወለዱም። ባለቤታቸው ወይዘሮ መድኃኒት ሲያርፉ ቡኒ ገና ቡችላ ነበረች።

«ግቢው አማርኛ ነው፣ እድሩ አማርኛ ነው» አሉኝ። «ቤቴ ገብቼ በሬን ስዘጋ ግን ትግርኛ ነው። መድኃኒት ከሄደች ወዲህ ትግርኛ የማወራው ከቡኒ ጋር ብቻ ነው። አትመልስልኝም እንጂ ትሰማኛለች።»

ከዚያ ሐኪም ልባቸውን አየ። «ደረጃ እንዳይወጡ አለኝ። ቤቴ ደረጃ የለውም። የቀረኝ ደረጃ የሰማዩ ብቻ መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ» አሉና ሳቁ። ከሳቃቸው በኋላ ግን ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ከሞታቸው ይልቅ ያሳሰባቸው ከሞታቸው በኋላ የሚመጣው ማግስት ነው። ሰው ቀብር ውሎ ይመለሳል፤ ድንኳን ይፈርሳል፤ ቡኒስ?

መጀመሪያ ለእድሩ አመለከቱ። በወር ስብሰባው ላይ ተነሥተው «እኔ ስሞት ድንኳኑ ይቅርብኝ፤ ለውሻዬ ሰው ፈልጉልኝ» አሉ። ሊቀ መንበሩ አቶ ደጋጋ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ጋሼ ካሳይ፣ የኛ እድር ይቀብራል እንጂ አይቀልብም» አሏቸው። አንዱ ደግሞ ከኋላ «ቡኒ ራሷ ትመዝገብና መዋጮ ትክፈል!» አለ። ደብረ ዘይት ያለችው የእህታቸው ልጅ ሲምረት ብትወስዳት ደስ ባላት፤ ግን የምትኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው።

በመጨረሻ እሺ ያለቻቸው የግቢያቸው ጎረቤት ሀብትነሽ ናት፤ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ። እሺታዋ ግን አላስተኛቸውም።

«ሞቴን ልለማመደው አልኩ» አሉኝ። «በቃ፣ ቡኒን ለሀብትነሽ ሰጠሁና፣ ሐኪሙ አይስማኝ እንጂ፣ ደረጃውን እያረፍኩ ወጥቼ ሲምረት ጋ ሳምንት ሰነበትኩ። እዚያ ሆኜ በየቀኑ እደውላለሁ። 'ቡኒ እንዴት ናት?' ስላት 'ደኅና ናት ጋሼ፣ እርስዎ ብቻ ይረፉ' ትለኛለች።»

«እና ደኅና ነበረች?»

«ምን ደኅና ትሆናለች! ስመለስ በሬ ላይ ሀብትነሽና ሌላዋ ጎረቤታችን እማማ ወርቅዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። መርዶ ነጋሪ ያስታውቃል አይደል? ልቤ ያን ጊዜ አለመቆሙ የሐኪሙን ሙያ ነው ያስጠረጠረኝ።»

ቡኒ ግን አልሞተችም። ከሀብትነሽ በር ሥር ተጋድማለች፤ ጎድኗ ወጥቷል። ከፊቷ ሳህን ሙሉ ሥጋ ያለበት ፍርፍር ተቀምጧል። አፏ ምራቅ ያንጠባጥባል፤ አትነካውም። ሀብትነሽ እያለቀሰች፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ከሄዱ ጀምሮ ከውኃ በቀር አፏ አልገባም። ልቡን ለሚያመው ሰው እንዲህ ያለ ነገር በስልክ እንዴት ይነገራል? ሐዘን ገብቷት ልትሞት ነው ብለን እስኪመጡ ብንጠብቅ…» አለች።

ጋሼ ካሳይ ይህን ሲነግሩኝ ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ።

«ረስቼው! ረስቼው እኮ ነው ልጄ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰፈሩ መርዝ የተቀባ ሥጋ ለውሻ ይጣል በነበረበት ጊዜ፣ ጋሼ ካሳይ ቡኒን ሳያዟት ምንም እንዳትቀምስ አስተምረዋታል። ሳህኑን ያስቀምጣሉ፤ ቡኒ ትጠብቃለች፤ እሳቸው በትግርኛ «ብልዒ» ይላሉ፤ ብዪ ማለት ነው። ያን ጊዜ ትበላለች። ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ ቃሏ ለእሳቸው እንደ ትንፋሽ ሆነችና ለሀብትነሽ መንገር አለብኝ ብለው አላሰቡም። ያን ቀን ከቆሙበት «ብልዒ!» ሲሉ ቡኒ ተንገዳግዳ ተነሥታ ሳህኑን ላሰችው። እማማ ወርቅዬ አማተቡና፣ «ከኛ ይልቅ ይቺ ጾም ታውቃለች» አሉ።

«ታዲያ አማርኛውን አያስተምሯትም?» አልኳቸው።

«ሞክሬ ነበር። ሳህኗን አስቀምጬ 'ብዪ' አልኳት። ዝም ብላ አየችኝ። ደግሜ 'ብዪ' ስላት እንግዳ ሰው ቤቷ የገባ ይመስል ወደ በሩ ሸሸች። ማለቴ፣ እኔም የራሴ ድምፅ ሌላ ሆነብኝ። ደግሞ እሷም አማርኛ ከለመደች፣ ቤቴ ገብቼ ከማን ጋር ላወራ ነው?»

መላውን ያመጣችው ሀብትነሽ ናት። «ቡኒን ይተዉዋት ጋሼ፤ እኔን ያስተምሩኝ» አለቻቸው። ከሥራ ስትመለስ ደጃፋቸው ላይ እየተቀመጠች ተማረች። መጀመሪያ የውሻዋን ቃላት፤ ነይ፣ ሂጂ፣ ብዪ። ጉሮሮዋ አልታዘዝ ብሏት «ብልኢ» ስትል ይስቁባታል። እሷም፣ «ይሳቁ፤ ውሻዋ እንደ እርስዎ አፍ አትመርጥም» ትላቸዋለች። አንድ ቀን ጋሼ ካሳይ ከበሩ ጀርባ ተደብቀው ሀብትነሽ ሳህኑን አስቀመጠች። «ብልዒ» አለቻት። ቡኒ እሳቸውን ፈልጋ ዙሪያውን አየች። «ብልዒ፣ የኔ እናት» አለቻት እንደገና። ቡኒ በላች።

«ደስ አለኝ» አሉኝ ጋሼ ካሳይ። «ትንሽ ደግሞ ከፋኝ። ሁለቱም ልክ ነው።»

ካዛንቺስ ወርደን እስከ ደጃቸው ሸኘኋቸው። በሩን ሳያንኳኩ ከውስጥ የቡኒ ጩኸት ተሰማ። ሻሽ ያሰረች ሴት ከፈተችልን፤ ሀብትነሽ መሆኗን ሳይነገረኝ አወቅሁ።

«ከመይ ሓዲርኩም ጋሼ?» አለቻቸው፤ እንዴት አደሩ ማለቷ ነው፤ ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል እየረገጠች።

«ደሓን፣ እግዚኣብሄር ይመስገን» አሉና በኩራት ወደ እኔ ዞር አሉ። ሀብትነሽ ፌስታሉን ተቀብላ ገባች፤ ቡኒም ሽታውን ተከትላ አብራት ሄደች። ጋሼ ካሳይ ከኋላቸው እያዩ ቆሙ።

«ታዲያ አሁን ሐሳብዎ ቀለለ?» አልኳቸው እጃቸውን እየጨበጥኩ።

ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ትናንት ቡኒ በር ላይ ብትቅበጠበጥባት ሀብትነሽ 'ኮፍ በሊ!' ብላ ጮኸችባት፤ ተቀመጪ ማለት ነው» አሉኝ። «ቡኒ ተቀመጠች። እኔም ቆሜ ነበር፤ ተቀመጥኩ።»