ሁለተኛው ገጽ

ከፍርድ ቤቱ አጥር ጥግ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ጸሐፊዋ ሃያ ዓመት ሙሉ ውል ስትጽፍ ኖራለች። "በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል" እያለች ደንበኛውን ሁሉ ታሰለቻለች። ያላየችው ጉድ ያለ አይመስላትም ነበር፤ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ሴትና ቀያሽ ባሏ ያስጻፏት ውል ግን ጣቷን አስቆማት። ባል ሊያዝ፣ ሚስት ልትታዘዝ፤ የምትለብሰው፣ የምትወጣበት ሰዓት፣ ስታጠፋ የምትቀጣው ቅጣት ሳይቀር ተዘርዝሯል።

"እህቴ፣ ይሄ እኮ ዳኛ ፊት አይቆምም።"

"እናውቃለን እትዬ፣ ለዳኛ አይደለም" አለች ሴትዮዋ ፈገግ ብላ። "የምታዘዘው ተገድጄ ሳይሆን ፈቅጄ መሆኑን እንዲያስታውሰን ነው። ዋናው የመጨረሻው አንቀጽ ነው፣ እሱን አደራ።"

የመጨረሻው አንቀጽ ሚስት "በቃ" ባለች ሰዓት ውሉ ፈራሽ ነው ይላል። ጸሐፊዋ ነገሩ ባይዋጥላትም እዚህ ላይ ስትደርስ ትንሽ ቀለል አላት።

ሰፋ አድርጋ መጻፍ ትወዳለችና ያ አንቀጽ ብቻውን ወደ ሁለተኛው ገጽ ወረደ። አንድን አንቀጽ ለብቻው ገጽ ላይ መተው በሙያው ነውር ነው፤ ወረቀት ይነጠላል። ግን በር ላይ ሰው ተሰልፎ ነበር፤ ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል። በየገጹ አስፈርማ፣ በስቴፕለር መትታ ሰጠቻቸው።

በሦስተኛው ወር ባልየው ብቻውን መጣ፤ ውሉን በፕላስቲክ እንድታሽግለት። የያዘው አንድ ገጽ ነው። ጥጉ ላይ የስቴፕለሩ ቀዳዳ ይታያል።

"ሁለተኛውስ?"

"እሱ አያስፈልግም። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ይሄ ነው።" ድምፁ ለስላሳ ነበር፤ ያስፈራትም ልስላሴው ነው።

"ባለቤትህ ደህና ናት?"

"ደህና ናት። ሥራ ትታለች።"

የማሸጊያው ማሽን ተበላሽቷል ብላ ዋሸችው። በማግስቱ፣ እሱ መስክ በሚውልበት ሰዓት፣ ያንኑ የመጨረሻ አንቀጽ ከኮምፒውተሯ አትማ፣ ውሉ ላይ ባለው አድራሻ ሄዳ አንኳኳች።

"እኔ ነኝ፣ ጸሐፊዋ። ክፈቺልኝ፣ እህቴ።"

"አልችልም እትዬ። እሱ ሳይኖር መክፈት አልተፈቀደልኝም።" ያ ፈገግታ ከድምጿ ጠፍቷል።

ጸሐፊዋ ጥፋቷን ለማረም ወረቀቱን በበሩ ሥር አሾለከችው። "አንብቢው። በቃ ማለት ትችያለሽ። ራስሽ ነሽ ያስጻፍሽው።"

ወረቀቱ ሲነሳ ሰማች። ተስፋ አደረገች።

"ቃሉ የኔ ነው" አለች ሴትዮዋ በመጨረሻ። "ግን ፊርማ የለበትም እኮ፣ እትዬ። እኔ መድኃኒት ቤትም ፊርማ የሌለው ማዘዣ ተቀብዬ አላውቅም።"

ወረቀቱም ለሁለት ታጥፎ በበሩ ሥር ተመልሶ ወጣ።