የኮሶው ደብተር

ባለፈው ሰኞ የልጄ ልጅ ሜሮን ከምትሠራበት ላቦራቶሪ ኩርፍ ብላ ገባች። «እማማ፣ ከውጭ አገር ተመራማሪዎች ጋር መጻጻፍ አቁሙ ተባልን። መንግሥታቱ ተጣልተዋል አሉ። ደብዳቤያቸውን ሳልመልስ ልተወው?» አለችኝ። ሽሮዬን ማማሰል ትቼ ቁጭ አልኩ።

የራሴ ነገር ትዝ አለኝ፤ ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። እዚሁ ጉለሌ፣ አንዲት ትንሽ ላቦራቶሪ ውስጥ ታይፒስት ነበርኩ። አቶ ገዛኸኝ የሚባሉ አንጋፋ ቴክኒሺያን፣ ክረምት ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ ከቁስቋም በላይ ወጥተው የኮሶ አበባ ያመጣሉ። ሽታው ብቻ አፍ ያመርር ነበር። ማን ምን ያህል ጠጥቶ እንደተሻለው፣ ማንን እንደጎዳው በደብተር ይጽፋሉ። አብሯቸው የሚሠራው አሜሪካዊ ደግሞ መድኃኒቱን ከመርዙ ይለያል። ያን ጊዜ ድሃው ለኮሶ ትል ሌላ ምን ነበረው?

ደርግ አሜሪካኖችን ውጡ ሲል ሰውዬውም ሄደ። ከወራት በኋላ ደብዳቤው መጣ፤ «የእኔ ግማሽ አልቋል፤ የደብተሩን ግልባጭ ላኩልኝ» ይላል። ከሰላምታ የማያልፉት አቶ ገዛኸኝ ያን ቀን ሳቁ። «ልጄ፣ ቶሎ በታይፕ ጻፊልኝ» አሉኝ። ግልባጩን ጀመርኩላቸው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሂስና ግለ ሂስ ነበረብን። ሁሉም እየተነሳ ጥፋቱን ይናገራል፤ ዝም ያለ ይጠረጠራል። ብልሆቹ ትንሽ ጥፋት አዘጋጅተው ይመጣሉ፤ «አርፍጄ ገብቻለሁ» ብለው ቁጭ ነው። እኔ ግን ማርፈዱን ሦስት ቅዳሜ ተናግሬ ጨርሼዋለሁ! ተራዬ ሲደርስ ቀለል ያለ ነገር ስፈልግ፣ «ወደ አሜሪካ የሚሄድ ወረቀት ጽፌያለሁ፤ የኮሶ ጉዳይ ነው» አልኩ። ሳይንስ ነውና ምን ያመጣል ብዬ። አይ ቂልነት!

ሰብሳቢው «ማን አስጻፈሽ?» አለኝ። አቶ ገዛኸኝ መሬት መሬት ያያሉ። ፈራሁ፤ ስማቸውን ጠራሁ።

ሰኞ ወሰዷቸው። ደብተሩም አብሮ ሄደ፤ የት እንደገባ እስከ ዛሬ አላውቅም። ኋላ የመጣው የሶቪየት ባለሙያ ስለ ኮሶው ሲጠይቅ፣ ሁላችንም ሰምተን እንደማናውቅ ሆንን።

ከዓመት በኋላ ተፈትተው፣ ዊንጌት ታክሲ ስጠብቅ አገኘኋቸው። ከስተዋል፤ ኮታቸው ሰፍቷቸዋል። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙኝ። «ተይ ልጄ፤ ማን ያልፈራ አለ?» አሉኝ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ግን ምነው... አረፈድኩ ብትዪ?»

ሁለት መንግሥታት ተጣሉ፤ ግማሹ መድኃኒት እዚያ፣ ግማሹ እዚህ ቀረ። ያንን እኔ አላመጣሁትም። ስማቸውን የጠራሁት ግን እኔ ነኝ፤ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ሜሮን መልሴን እየጠበቀች ነበር።

«መልሺላቸው» አልኳት። «አሁኑኑ። ምን አጠፋሽ ያለሽ ካለ፣ አርፍጄ ነበር በዪ።»