ዝንብ ያላረፈበት ቅቤ

ባለፈው ሳምንት ከሚሴ መናኸሪያ ውስጥ ቆሜ ሚኒባሱ እስኪሞላ ስጠብቅ፣ ጣሪያው ላይ ከተጫነ ጀሪካን የቀለጠ ቅቤ በመኪናው ጎን እየወረደ የኋላ ጎማው ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ፀሐይ የመታው ጥሬ ቅቤ ከጋለ ብረት ጋር ሲገናኝ የሚሰጠውን ሽታ ለማያውቀው ሰው ማስረዳት ይቸግራል። ለእኔ ግን የአያ ሰይድ ሽታ ነው። እዚያው እንደቆምኩ የልጅነቴ ከሚሴ፣ አስፋልቱ ዳር ያለው ዋርካና ከሥሩ ተንጋሎ የተኛ ሰው ሁለት እግር ድቅን አሉብኝ።

አያ ሰይድ ጎረቤታችን ነበር፤ ቤቱን ከቤታችን የሚለየው የቁልቋል አጥር ብቻ ነው። መካኒክነትን የተማረው በጣሊያን ጊዜ ነው። ጋራዥ የሚባል ነገር አልነበረውም። ዋርካው ጣሪያው፣ ጆንያው ምንጣፉ፣ አንዲት ክሪክና አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ደግሞ ንብረቱ ነበሩ። በቆርቆሮው ውስጥ ከሞቱ መኪናዎች የፈታቸውን ጎሚኒዎች፣ ትናንሽ የፍሬን ላስቲኮች፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ያስቀምጣል። ማንም ሾፌር መጥቶ የመኪናውን ሕመም ሲዘረዝርለት አይሰማም። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ቃል ሳይተነፍስ መኪናውን ሦስት ጊዜ ይዞራል። የቸኮለ ሾፌር በዚህ ይበግናል፤ እሱ ግን አራተኛ ዙር ይጨምርለታል።

ደግሞ አረቄው አለ። አያ ሰይድ በሕይወቱ አንዲት ጠብታ ቀምሶ አያውቅም፤ ነገር ግን የፍሬን ዕቃ በቤንዚን ከታጠበ ጎሚኒው ያብጣል ብሎ ስለሚያምን፣ ከወይዘሮ አስካለ ቤት ካቲካላ ይገዛል። ጠርሙሱን በጋቢ ሸፍኖ ቢይዝ ወሬ ይሆናል፤ ስለዚህ ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ይዞት ይመጣል። ላገኘው ሁሉ «ለመኪናው ነው!» ይላል። የከሚሴ ሰውም እያወቀ አይለቀውም፤ «ዛሬስ መኪናው ስንት መለኪያ ወሰደ?» ይለዋል።

አባቴ ይማም የቅቤ ነጋዴ ነበር። ከጨፋ ከብት አርቢዎችና ከሰንበቴ ገበያ የለቀመውን ቅቤ በታኒካ ሞልቶ ይልካል። አንድ ቀን ግን በጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ፣ የባቲን ቁልቁለት ወርዶ እስከ አሰብ ራሱ ሊያደርሰው ነበር። ለእኔ ሲመለስ ቀይ የላስቲክ ጫማ ሊያመጣልኝ ቃል ገብቷል። ፀሐዩ ከማለዳው ያቃጥል ስለነበር ቅቤው ከሸራው ሥር እየቀለጠ ጎማዎቹን አጥቧቸዋል። ሾፌሩ ለራዲያተሩ ውኃ ሊጨምር ዋርካው ጋ ሲቆም፣ አያ ሰይድ ማንም ሳይጠራው ተነሣና መዞር ጀመረ።

በሦስተኛው ዙር ከግራው የኋላ ጎማ አጠገብ ቁጢጥ አለ። እርጥቡን በጣቱ ነክቶ አሸተተው።

«ኩን ዳዳ ሚቲ» አለ በኦሮምኛ፤ ወዲያው ወደ ሾፌሩ ዞሮ «ቅቤ አይደለም ይሄ» አለው።

ሾፌሩ ሳቀ። «ሠላሳ ታኒካ ቅቤ ጭኜ ምን ሊንጠባጠብ ኖሯል?»

«እነዚያን ጎማዎች እያቸው፤ ዝንብ ወሮአቸዋል። እዚህ አንድም የለም። የከሚሴ ዝንብ የናቀው ቅቤ ምን ዓይነት ቅቤ ነው?»

ሾፌሩ ፍሬኑ ትንሽ እንደሚሰምጥ፣ ሁለት ሦስቴ ሲረገጥ ግን እንደሚይዝ ተናገረ። አባቴ ትዕግሥቱ አለቀ። «አያ ሰይድ፣ አላህ ይውደድህ፣ ልቀቀን! ቅቤዬ እኮ እየቀለጠ ነው።» እኔም በልቤ አያ ሰይድን ረገምኩት፤ ጫማዬን የያዘብኝ እሱ ነበርና።

አያ ሰይድ አልተከራከረም። ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አደረገና አባቴን የሾፌሩ ወንበር ላይ አስቀመጠው። «ርገጥ» አለው። አባቴ ረገጠ። «አጥብቀህ ያዘው፣ አትልቀቅ።» አባቴ ያዘው። ፔዳሉ ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ ከወለሉ ጋር ገጠመ። ከጎማው ውስጠኛ ጎን ቀጭን ፈሳሽ ወረደ።

«የባቲን ቁልቁለት ታውቀዋለህ፤» አለው አያ ሰይድ በዝግታ፣ «እዚያ ላይ ሁለት ሦስቴ ለመርገጥ ጊዜ አለህ?»

አባቴ እግሩን ከፔዳሉ ላይ ሳያነሣ እኔን አየኝ። ያን አስተያየቱን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ከዚያ ወርዶ በገዛ እጁ የሸራውን ገመድ መፍታት ጀመረ። ጎረቤቱ ሁሉ ተሯሩጦ ታኒካዎቹን ወደ ጥላ አጋዘ።

መኪናው በክሪክ ተነሣ፤ ጎማውም፣ ከጀርባው ያለው የብረት ከበሮ ታምቡሩም ወለቀ። አያ ሰይድ ጥፋቱን ያገኘው ከታምቡሩ ሥር፣ የፍሬኑን ሸራ ከምትገፋው ትንሽ ሲሊንደር ውስጥ ነበር። ጎሚኒዋ ጠርዟ ተበልቶ፣ ፍሬን በተያዘ ቁጥር የፍሬን ዘይት ታሳልፋለች። ሲሊንደሩን በካቲካላ አጥቦ፣ ከብስኩት ቆርቆሮው ልኳን ፈልጎ «ቢስሚላህ» ብሎ ገጠማት። ዘይት ሞላ። አየሩን ለማስወጣት አባቴን እንደገና ወንበሩ ላይ ሰቀለውና እሱ ከሥር ተኝቶ «ርገጥ! ያዝ! ልቀቅ!» ይለው ጀመር። በቀጭኗ ቱቦ የሚወጣው አረፋ ሲያበቃ ፔዳሉ ከግማሽ በታች አልወርድም አለ። የዐስር አዛን ሲሰማ አያ ሰይድ የካቲካላውን ሽታ ከእጁ ለማስለቀቅ በሳሙና ሦስት ጊዜ ታጠበ።

ከቅቤው ግማሽ ያህሉ ፈሰሰ። አባቴ በማግስቱ በቀረው ሄደ። ሲመለስ ጫማዬን ይዞ፣ ከቤት በፊት ዋርካው ጋ ወረደ። «ሾፌሩ በረገጠ ቁጥር ያሰብኩት አንተን ነው» አለው። አያ ሰይድ አፍሮ የማይፈታ ብሎን ይፈታ ጀመር።

ከዚያ ወዲያ አባቴ በየክረምቱ አንድ ቅል ቅቤ ራሱ ይወስድለታል። አያ ሰይድ ክዳኑን ገልጦ፣ ዝንብ እስክታርፍበት ጠብቆ «አልሐምዱሊላህ፣ ቅቤ ነው» ይላል። ሁለቱም እስኪያነቡ ይስቃሉ። አባቴ ሸበተ፤ ድሮኝ፣ የልጆቼን ልጆች አቅፎ ሞተ። አያ ሰይድ ቤትም መሬትም አላወረሰኝም። አባቴን ግን ያን ያህል ዘመን አቆየልኝ።

መናኸሪያው ውስጥ ወገቤን ይዤ ወደ ሚኒባሱ የኋላ ጎማ ጎንበስ አልኩ።

«እናቴ፣ ምን ጠፋብዎት?» አለኝ ሾፌሩ።

«ዝንብ እያየሁ ነው ልጄ» አልኩት።

ግራ ገብቶት ቆመ። ዝንቦቹ ጎማው ላይ ግጥም ብለው ሰፍረዋል። ተሳፈርኩ።