እርጥብ ሳር የዘጋው መንገድ

ዳልጮን የአርባ ምንጭ የሴቻ ሰፈር ሰው የሚያውቀው በብስክሌት ጠጋኝነቱ ነው። አባቱ ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ የላኩት ሸማኔ እንዲሆን ነበር፤ እሱ ግን መወርወሪያ ከመወርወር ጎማ ማዞር ይሻለኛል ብሎ ቀረ። ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ሲናደድ ብቻ ጸጥ የሚል ሰው ነው። ጴንጤ ስለሆነ አይጠጣም፤ ጨዋታ ግን እንደ ጠጪ ይወዳል።

አንዲት ልጅ አለችው፤ ማሚቱ። በሕፃንነቷ የያዛት ትኩሳት መስማት ነስቷታል። ዳልጮ ከወዳደቀ ብረት ብስክሌት ገጣጥሞ ሰጣት፤ መንዳቱንም እሱ አስተማራት። ለአቅመ ሥራ ስትደርስ በሸማኔዎች ማኅበር ፈትል ማዳወር ጀመረች። ከቤታቸው እስከ ማኅበሩ ባለችው ጭር ያለች ኮረኮንች መንገድ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ስትነዳ ያያት ሁሉ ይቺ ልጅ ምን ጎደላት ይል ነበር። እውነትም ምንም አልጎደላትም።

ደርግ በገባ በስምንተኛው ዓመት ግድም፣ ወደ ታችኛው ከተማ ወደ ሲቀላ የሚወርደውን ዋና መንገድ ጎርፍ ቆረጠው። መኪና ሁሉ በዚህች ኮረኮንች መሹለክ ለመደ። ዋናው መንገድ ከተጠገነ በኋላም፣ አቋራጭ ናትና፣ የሚተዋት ጠፋ። አንድ ቀን አንድ ሾፌር ከማሚቱ ኋላ ጥሩምባውን እያንባረቀ መጣ። ሰምታ እምቢ ያለች መሰለው፤ ገፋ አድርጎ ሲያልፍ ቦይ ውስጥ ወደቀች። የተላጠው ክርኗ በሳምንቱ ዳነ። የእናቷ የአገርነሽ ልብ ግን አልዳነም፤ ብስክሌቱን ጓዳ አስገብታ ቆለፈችበት።

“የማሚቱ አባት፣ ያለችኝ እሷው ናት” አለችው። “መኪና በሚሄድበት አትሄድም። ማኅበሩም ይቅርባት።”

ልጅቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ መዋል ጀመረች። አታለቅስም፤ አትቆጣም። ዳልጮን አንጀቱን የበላው ይህ ነው። ብታለቅስ ያባብላት ነበር።

ቀበሌ ሄዶ መንገዷ ለእግረኛና ለብስክሌት ብቻ ትሁንልኝ አለ። ሊቀ መንበሩ ሐሳቡ ግሩም መሆኑን፣ በውይይት ክበብም እንደሚታይ ነገሩት። የውይይት ክበቡ ያን ሰሞን የዓለምን ወዛደሮች ጉዳይ ይዞ ስለነበር የሴቻዋ ኮረኮንች ተራ አልደረሳትም።

ቢቸግረው ወደ ሽማግሌው ወደ ጋሽ ደበሌ ሄደ። በጋሞ ዘንድ ሁለት ወገን ጦር ተማዝዞ ቢቆም እንኳ፣ ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ መሃል ከገባ ያንን ሳር ተራምዶ የሚያልፍ የለም። ዳልጮ ጴንጤ ከሆነ ወዲህ እንዲህ ያለውን “የድሮ ነገር” ይለው ነበር። የልጁ ጉዳይ ሲመጣ ግን የድሮው ነገር ናፈቀው።

በማግስቱ ጠዋት ሽማግሌዎቹ በመንገዷ አፍ ላይ ለምለም ሳር ከዳር እስከ ዳር አኖሩና በግራና በቀኝ ቆሙ። መጀመሪያ የመጣው ሾፌር የጨንቻ ልጅ ነበር፤ ሳሩን ሲያይ ፍሬን ያዘ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ ወደ ኋላ ተመለሰ። ሁለተኛውም እንዲሁ አደረገ። የዳልጮ ፊት በራ።

ሦስተኛው ጓድ ባዘዘው ነበሩ። ከጎጃም ተዛውረው የመጡ አዲስ ሹም ናቸው፤ መኪናቸውን ራሳቸው ይነዳሉ። በእሳቸው አገር ለምለም ሳር የሚጎዘጎዘው ለበዓልና ለክቡር እንግዳ ነው። ሳሩን አዩ፤ የተሰለፉትን ሽማግሌዎች አዩ፤ ለእሳቸው የተደረገ አቀባበል መሰላቸው። ሹመታቸውን ረስተው፣ መስኮቱን ዝቅ አድርገው፣ እጃቸውን እያውለበለቡና “እግዜር ይስጥልኝ” እያሉ፣ ቀስ ብለው ሳሩ ላይ ነዱበት።

አንድም ሰው እጁን አላነሳም። ሽማግሌዎቹ አቀረቀሩ፤ ዳልጮ ጸጥ አለ። ባዘዘው ነገሩ አላምር ሲላቸው ከመኪናው ወረዱ።

“አባቶቼ፣ ምን አጠፋሁ?”

“ሳሩን ረገጥህ፣ ልጄ” አሉ ጋሽ ደበሌ። “እኛ ጋ ይሄ ሳር ቁም ማለት ነው።”

“በእኛ አገር እኮ ግባ ማለት ነው።”

ያን ጊዜ የዳልጮ ንዴት ወዴት እንደበነነ እሱም አላወቀም። ሳር ለሰው ሁሉ አንድ ነገር የሚናገር መስሎት፣ ለእንግዳ የሚነግር አንድ ሰው እንኳ አላቆመም ነበር። ጠጋ ብሎ የማሚቱን ነገር አጫወታቸው። ባዘዘው እስኪጨርስ ሰሙት። ሲጨርስ ጎንበስ ብለው፣ የተደፋውን ሳር በእጃቸው ማቃናት ጀመሩ።

ብዙም ሳይቆይ በሹሙ ትእዛዝ በመንገዷ በሁለቱም አፍ ድንጋይ የተሞላ በርሜል ቆመ። ባዘዘውም ቢሮ የሚገቡት በእግራቸው ሆነ። ቦርጫቸው ለዳልጮ ምስጋና አቀረበ ተብሎ ሲቀለድባቸው አልተቀየሙም።

አገርነሽ ግን ወይ ፍንክች። “በርሜል ይነሳል፤ ሹምም ይቀየራል” አለች። ዳልጮ ለመናት፣ ጸለየ፣ አኮረፋት፤ አልሆነም። አንድ ጠዋት ግን ማንንም ሳታማክር ጥጥ ቆንጥራ ሁለት ጆሮዋን ጠቅጥቃ ደፈነችና ወደ መንገዷ ወጣች። ዳልጮ ግራ ገብቶት ከሩቅ ተከተላት። አገርነሽ መሃል መንገዱን ይዛ ሄደች። መጀመሪያ በየእርምጃዋ ወደ ኋላ ትገላመጥ ነበር። ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች አለፏት። ሙዝ የጫነ ብስክሌት ከኋላዋ መጥቶ ዞሯት ሲያልፍ ክው አለች፤ ነጂው አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አላት። ከዚያ ወዲያ መገላመጡን ተወችው። እጆቿን እያወዛወዘች፣ ግራ ቀኙን እያየች፣ ልጃገረድ ሳለች ገበያ ትሄድ እንደነበረው ሄደች።

ስትመለስ ከባሏ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ጥጡ ከጆሮዋ ስላልወጣ ድምጿን መንደሩ ሁሉ ሰማው።

“የማሚቱ አባት፣ ልጄ ብቻዋን ስትሆን ጨለማ ውስጥ ያለች ይመስለኝ ነበር። ለካ እንዲህ ሰላም ነው። ምነው ሳትነግረኝ?”

ዳልጮ የመለሰላትን አልሰማችም። አልፋው ቤት ደረሰች። ደጃፍ ላይ የተቀመጠችው ልጇ ፊት ቆማ፣ በእጇ ምልክት፣ እንደ ማንኛውም እናት ቆጣ ብላ፣ ተነሺ እንጂ፣ ሥራ ረፈደብሽ አለቻት።