ለማልኖርበት ክፍል የመስኮት ደፍ መረጥኩ

ወላጆቻችሁ ደስ ብሏቸው ሲያወሩ "አሁን ልንገራቸው ወይስ ይቆይ?" ብላችሁ አታውቁም?

ስኮትዴል ያለውን ቤታችንን እያሳደስን ነው። የቀረው የእኔ መኝታ ክፍል የመስኮት ደፍ ብቻ ነው። ዛሬ ከአባዬ ጋር ልንመርጥ ሄድን።

ሻጩ ቀለም የተቀባ እንጨትና ነጭ እብነ በረድ አሳየን።

"እንጨቱ ይበቃል" አልኩ።

"ምነው፣ ለራስሽ ክፍል ትሰስቻለሽ እንዴ?" አለኝ አባዬ። "እንጨት ውሃ ሲነካው ያብጣል። እብነ በረዱ እስክታገቢ ድረስ ምንም አይሆንም።"

(እስካገባ ከሆነማ እብነ በረዱም የሚችለው አይመስለኝም።)

አባዬ ያላወቀው፣ ከዚህ ርቆ ሲያትል ሥራ አግኝቼ እሺ ብያለሁ። እኛ ቤት ደግሞ ሴት ልጅ የምትወጣው በሠርግ ነው።

ድንጋዩን በመዳፉ ዳሰሰና "መጻሕፍትሽን እዚህ ትደረድሪያለሽ" አለኝ። እኔም "እሺ፣ ይሄ ይሁን" አልኩት።

ነገ ጠዋት በመስኮቱ ልክ ይቆርጡታል፤ አንዴ ከተቆረጠ አይመለስም። ስለዚህ ዛሬ እራት ላይ መናገር አለብኝ። ሥራውን በጣም እፈልገዋለሁ፤ የአባዬን ፊት ሳስብ ግን ከየት እንደምጀምር አላውቅም።

ሳታገቡ ከቤት የወጣችሁ እህቶቼ፣ መጀመሪያ ምን ብላችሁ ጀመራችሁ? እባካችሁ ከእራት በፊት ጻፉልኝ።