ምች ያልነው ሴፕሲስ

መጀመሪያ ብርድ ብርድ አለኝ። እኛ አገር አዲስ ቅዳም ብርድ ብርቅ አይደለም፤ ያኛው ግን ጥርሴን አንገጫገጨው። ቀደም ብሎ ለከሰል የምንተክለውን የዲከረንስ ዛፍ ስቆርጥ መጥረቢያው አፈትልኮ ባቴን ቆርጦኝ ነበር። እኛ ከሰል አክሳዮች እንደለመድነው የከሰል ዱቄት ነሰነስኩበትና በጨርቅ አሰርኩት፤ ደሙ ቆመ። ከጋለው የከሰል ክምር አጠገብ የዋለ ሰው ነፋስ ሲያገኘውና ሲያተኩሰው ደግሞ ምች መታው እንላለን። ስለዚህ ባለቤቴ ጥሩዬ ዳማከሴ አሽታ ቀባችኝ፤ እግሬን ያየው የለም።

ሽታው አጋለጠው። ጥሩዬ ጨርቁን ስትፈታው ከጥቁሩ ቅርፊት ስር አረንጓዴ መግል ፈሰሰ። የራሴ ሥጋ አስጠላኝ። ከዚያ መቃዠት ጀመርኩ። ወደ ቆሰበር ከተማ በወሰደን ሚኒባስ ተሳፋሪው ሁሉ አፍንጫውን ያዘ፤ አልፈርድባቸውም።

ሆስፒታል ደረስን። የደም ግፊቴ ወርዷል። ትንፋሼ ይቆራረጣል። ሽንት የለም።

ዶክተሯ ነገሩን አላድበሰበሰችም። «ሴፕሲስ ነው። ጀርሙ በቁስሉ ገብቷል፤ አሁን የሚጎዳዎት ግን እሱ ብቻ አይደለም። የሰውነትዎ መከላከያ መስመር ስቶ የራስዎን አካል እየመታ ነው። የደም ስሮችዎ ያፈሳሉ፣ በቀጫጭኖቹ ውስጥ ደም ይረጋል፣ ኩላሊትዎ ደም አጥቷል። ሽንት ካልመጣ ለኩላሊት እጥበት እንልክዎታለን።»

ይህ ከመግሉ በላይ አስጠላኝ። የቀጠራችሁት ዘበኛ ሌባ አባርራለሁ ብሎ ቤታችሁን ሲያቃጥል አስቡት።

የበሰበሰውን ሥጋ ቆርጠው ጣሉ። አንቲባዮቲክና ፈሳሽ ሰጡኝ። ሽንት የሚያወርድ ቱቦ፣ ካቴተር፣ አስገቡ። ሽንቱ የሚጠራቀምበት ከረጢት ባዶ ነበር።

ዛሬ ባቴ ጎድጉዶ ቢቀርም ኩላሊቴ ይሠራል፤ ቀስ እያልኩ እርሻ እስከመውረድም ደርሻለሁ። ቁስል ያላችሁ ሰዎች፣ ከሰሉን ለገበያ ተዉት፤ ቁስሉን በንጹሕ ውኃና በሳሙና እጠቡት። ካተኮሳችሁ፣ ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ ከቃዣችሁ ወይም ሽንታችሁ ከቀነሰ ቁስሉ ባይሸትም ምች ነው ብላችሁ አትተኙ፤ ያኔውኑ ወደ ሐኪም ሂዱ።

ዶክተሯን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጥሩዬን ግን የማመሰግንበት ቃል አጣሁ። ከረጢቱን በየጊዜው እያነሳች ባዶውን ስታስቀምጥ ሰነበተች። አንድ ጠዋት አነሳችውና ቆመች። ከታች የጠላ አተላ የመሰለ ነገር ተጠራቅሟል። እኔ ፊቴን አዞርኩ፤ እሷ እልል አለች። በየአልጋው ያሉ አስታማሚዎች ደንግጠው ምን ተገኘ ብለው ጠየቋት።

«ሸና» አለቻቸው።